እንቁራሪቷ ዓይኗን የገለጠችበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለመምህር ምድር ወገብ! በጡረታ ዘመናቸው በሦስተኛው ዓመት፣ እንቁራሪት የተባለችው መኪና ግቢውን በያዘች በሁለተኛው ዓመት፣ ቧንቧው አራት ቀን ጠፍቶ በተመለሰበት ሳምንት፣ ክቡር ወልዑል መምህር ምድር ወገብ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዓለምን በዘንግ የጠቆሙ፣ ወንዞችን በጠመኔ ያፈሰሱ፣ ውቅያኖስን በዳስተር ያደረቁ፣ ተማሪዎቻቸውም ቀበቷቸው የሚዞረውን የሆድ ስፋት አይተው ይህን የማዕረግ ስም የሸለሟቸው፣ ከሽቦ ጋር ገጥመው ድል የነሡበት ሥራ ለትውልድ እንዲታወቅ ይህ ተጻፈ። ጸሐፊው ጎረቤት ነው፤ ያየውን ጽፏል፣ ያላየውንም ከአጥር ወዲያ ሰምቶ ጽፏል።

እንቁራሪት የተባለችው መኪና፣ ፋኖሶቿ እንደ ዓይን የፈጠጡባት፣ ከመምህርም በዕድሜ ብዙ የማታንስ አሮጊት፣ የመምህር አማት የነበሩት ስመ ጥር ሹፌር ለልጃቸው ትተዋት ያለፉ ንብረት ነበረች። ሹፌሩም በሕይወት ሳሉ አርባ ዓመት ነድተዋት፣ ሴት ልጃቸውን ከኋላ በግራ በኩል አስቀምጠው ትምህርት ቤት አመላልሰውባት ነበር። ያች ልጅ አድጋ መምህርን ልታገባ በተነሣች ጊዜ ሹፌሩ በዘመድ ሁሉ ፊት ቆመው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ካርታ ያውቃል፤ መንገድ ግን አያውቅም!» ሲሉ አወጁ። ዘመድም ሁሉ ሳቀ፤ መምህርም አብረው ሳቁ፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ቃል በጉሮሯቸው እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ኖረ። ሹፌሩም ቃላቸውን ሳያነሡ ስለ ሞቱ አዋጁ ሳይሻር ቀረ።

ወእምዝ መኪናይቱ ወደ መምህር ግቢ በገመድ ተጎትታ በገባች ጊዜ ሞተሯን መካኒክ አስነሣው፤ ሽቦዋን ግን አይጥ በልቶት ነበርና ከፊት እስከ ኋላ አንዲት አምፖል አልበራ አለች። የመምህር ሚስት የእመቤቲቱ ታናሽ ወንድም፣ በሙያው የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ የተባለ፣ መጥቶ «ጋሼ፣ አንድ ከሰዓት ብቻ ይስጡኝ፤ አብርቼ አስረክብዎታለሁ!» ሲል አወጀ። መምህርም እንደ ተራራ ቀጥ ብለው ቆመው «ወንዝን ከነገባሩ ያስተማረ ሰው በሽቦ አይመከርም! በገዛ እጄ አበራታለሁ!» ብለው መለሱ። ፊውዝም እንደ ልማዱ ተቃጥሎ በሩን ወርውሮ ወጣ።

ከመኪናይቱ የፊት መሳቢያ ውስጥም ስምንት ጊዜ የታጠፈ፣ ዘይት የጠጣ፣ የሽቦዋ መስመር ሁሉ የተሣለበት አሮጌ ንድፍ ተገኘ። መስመሮቹ ይጠማዘዛሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፤ መምህርም ባዩት ጊዜ ፊታቸው በራ፣ ይህ ካርታ እንጂ ሌላ አይደለምና። ወዲያውም የምግብ ጠረጴዛውን ወርሰው፣ ንድፉን ዘርግተው፣ አራቱን ማዕዘን በአራት ብርጭቆ አስጠብቀው፣ ባትሪውን ሐይቅ፣ ሽቦውን ወንዝ፣ አምፖል የሚያመለክተውን ባለ ኤክስ ክብ ሁሉ ከተማ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን የተሰበረ ድልድይ ብለው ሰየሙ፤ ወንዞቹንም በሰማያዊ እርሳስ ቀለሟቸው። በየወንዙ መጨረሻ ግን ከላይ ወደ ታች እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት አግዳሚ ጭረቶች ነበሩ። መምህርም መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ አሰላስለው፣ ይህ የረግረግ ምልክት ነው ሲሉ በየኑ። ወንዝ ረግረግ ከገባ ይጠፋልና፣ ኮረንቲውም እዚያ ሰምጦ እንዳይቀር ብለው፣ ከመኪናይቱ ቆርቆሮ ጋር በቡሎን ታስረው የነበሩትን ባለ ቀለበት ጥቋቁር ሽቦዎች አሥራ አንዱንም ፈቱ፤ ጫፋቸውንም በቁስል ፕላስተር ጠቀለሉ፤ ቡሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ ደግሞ ሦስት እጅ ቀለም ቀቡት። እንቁራሪትን ከረግረግ ለማዳን የዘመተ ሰው ከእሳቸው በፊት አልተሰማም።

ከዚያም ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ግቢው ወጡ። በቀኝ በኩል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ክር የተባለን ሁሉ አውቃለሁ ባይ፣ ሽቦ እየለካ የሚቆርጥ፣ ሲቆርጥም ሁልጊዜ አንድ ስንዝር የሚያሳጥር፤ በግራ በኩል ጡረታ የወጡት ነርስ፣ እመ ፕላስተር፣ መምህር በካቻቪቴ በተወጉ ቁጥር ጣታቸውን የሚያስሩ፤ በስተኋላ ደጀን ሆና ድመቲቱ፣ ሹፌሩ ከሞቱ ወዲህ የኋላውን ወንበር ለማንም ያላስነካች። መምህርም ከመሪው ፊት ተሰይመው ማብሪያውን ቢጫኑ ወኮነ ዓቢይ ጽልመት፤ አንድም መብራት አልበራ። ፍሬን ቢረግጡ የዝናብ መጥረጊያው አንዴ ተንፈራግጦ ዝም አለ። ፍሬቻ ቢያበሩ ክላክሱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አቃሰተ። መምህርም ከመኪናይቱ ወርደው፣ ንድፉን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ «ይህን የሣለ ሰው የእኔ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ክፍሉን ይደግም ነበር!» ብለው አወጁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ዘመቱ፤ አራት ጊዜም መጥረጊያው ተንፈራገጠ።

በአምስተኛው ዘመቻ ዋዜማ ግን የግቢው ባለሙሉ ሥልጣን እመቤት ከደረጃው ላይ ቆመው፣ የታጠበ ልብስ በክንዳቸው እንደያዙ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መኪናው የልብስ ገመዴን ቦታ ይዞብኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብስ አጥር ላይ ሳሰጣ ቻልኩ። አባቴ መኪናውን የተወልኝ ድመት እንድትተኛበት አይደለም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ብረት ገዢው ይመጣል። እስከዚያ ከበራች በራች፤ ካልበራች ተጭና ትሄዳለች። አበቃሁ!» ይህን ሲያውጁ ግን ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ጠዋት ጠዋትም የኋላውን የግራ መስኮት፣ እሱን ብቻ፣ በጨርቅ ሲያብሱ ጸሐፊው በአጥር ቀዳዳ አይቷል። መምህርም አዩ፤ አይተውም ጭንቅ ያዛቸው። መኪናይቱ ከተጫነች የሚስታቸው የልጅነት ወንበር አብሮ ይጫናል፤ የአማታቸውም አዋጅ ለዘላለም ይጸናል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እመቤቲቱ ቀሚስ ሊተኩሱ ካውያቸውን ቢያነሡ ገመዱ የለም። የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ በቀጥታ ወደ እንቁራሪቷ ሄደው፣ የተቆረጠውን ገመድ ከኮፈኑ ላይ አንሥተው፣ በመምህር አፍንጫ ፊት እያወዛወዙ ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ! ከዚህ ቤት ያልወጣ ነገር ምን አለ? መቀሱ ወጣ። የእጅ ባትሪው ወጣ። ወንፊቴ ቡሎን ሊታጠብበት ወጣ። አሁን ደግሞ የካውያዬ ገመድ! መውጣት ብቻ፣ መመለስ የለም! የወጣው ካልተመለሰ በዚህ ቤት ምንም ነገር አይሠራም፤ ገባህ?»

መምህርም በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ገባቸው።

በፊታቸው ከሚወዛወዘው ገመድ ጫፍ ሁለት ሽቦ ብቅ ብሎ ነበርና፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። በእንቁራሪቷ ግን ለእያንዳንዱ አምፖል የሚሄድለት አንድ ወንዝ ብቻ ነው። መመለሻውስ? መምህር እመቤቲቱን እዚያው አቁመዋቸው ወደ ንድፉ ሮጡ፤ መሮጣቸውም ራሱ በታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነው። በጣታቸውም ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ ረግረጉ ሄደው፣ በመጨረሻ በንድፉ ጥግ፣ ከባትሪው ከራሱ ሥር፣ ያንኑ ረግረግ ተቀምጦ አገኙት። ረግረጉ ሁሉ አንድ ነበር። እሱም የመኪናይቱ ገላ፣ ቆርቆሮው ራሱ ነው፤ ኮረንቲው አምፖሉን አብርቶ በእሱ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ መመለሻውን ፈትተው በቀለም የዘጉት እሳቸው ነበሩ። ንድፉን የሣለውንም ሰው በልባቸው ይቅርታ ጠየቁት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያን ሦስት እጅ ቀለም፣ በመስተዋት ፈንታ ፊታቸውን ያዩበት የነበረውን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ልብስ ሰፊው ያን የመሰለ ቀለም ሲፋቅ ላለማየት ዓይኑን ሸፈነ፤ ነርሷ ከየሽቦው ጫፍ ፕላስተሩን ላጡ፤ መምህርም ቅዳሜ እኩለ ቀን ሲቃረብ አሥራ አንደኛውን ቡሎን አጠበቁ። ወዲያውም የብረት ገዢው መኪና በር ላይ ደርሶ ጡሩንባውን ነፋ። የረግረጉን ወሬ ከመንደር የሰማው ፊውዝም ጉድ ሊያይ ተከትሎት ገብቶ፣ ከመኪናይቱ ሥር አጎንብሶ የታሰረውን ቢያይ፣ ሳቁ ገንፍሎ «ጋሼ፣ ረግረግ የሚሉት ይሄን ነው እንዴ? ይሄኮ በእኛ ሙያ መሬት ነው የሚባለው!» ብሎ አወጀ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሬትን ያስተማሩት ሰው መሬትን ሳያውቁት ኖረዋል ማለት ነው። የመምህር እጅ ግን ማብሪያው ላይ ነበር።

በይእቲ ዕለት፣ ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ የእንቁራሪቷ ሁለት ዓይኖች ባንድ ጊዜ ተገለጡ። ፍሬቻው ጨፈረ፤ የኋላው ቀይ መብራት በራ፤ ክላክሱ ጉንፋኑ ለቀቀው። መጥረጊያው ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይታዘዝ አልተነቃነቀም። እመቤቲቱም ድመቲቱን አስነሥተው ከኋላ በግራ በኩል ገብተው ተቀመጡ። ከራሳቸው በላይ ያለችው ትንሽ የጣሪያ መብራት ግን ጨለማ ነበረች፤ ሹፌሩ ሲያመሹ ልጃቸው የቤት ሥራዋን የምትሠራባት መብራት። መምህርም ባዩዋት ጊዜ ወገባቸው ራደ። እመቤቲቱ ግን መዳፋቸውን አንሥተው፣ አባታቸው ያደርጉ እንደነበረው፣ ጣሪያውን አንዴ መታ አደረጉት፤ መብራቷም በራች። ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ደብቀውም አላለቀሱም።

ካለቀሱም በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሦስተኛውንና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ብረት ገዢ ሆይ፣ እዚህ ብረት የለም፤ በሰላም ሂድ! አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዘመድ ፊት ያለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ይሄ ሰውዬ መንገድ ያውቃል። ይዘገያል እንጂ ይመለሳል። አሁን ወንፊቴን!»

ክብር ይደልዎ ለመምህር ምድር ወገብ፤ የተሰበረውን ድልድይ ላገናኙ፣ አሥራ አንዱን ረግረግ ላስገበሩ፣ የገዛ ቀለማቸውን በገዛ እጃቸው ለፋቁ፣ መሬትን ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው በሠላሳ አራተኛው ላገኙ፣ የሙት አዋጅ ላስሻሩ፣ አንዲትን ልጅ ወደ አባቷ መኪና ለመለሱ። የእጅ ባትሪውም ተመለሰ፤ የካውያው ገመድ ተቀጥሎ ተመለሰ፤ ወንፊቱም ሦስት ጊዜ ታጥቦ ተመለሰ። ስለ መቀሱ ግን ጸሐፊው ቢጠየቅም አይናገርም።