ሊቀ ሊኑክስ እና የኔ ሞደም

በየቤተሰቡ ኮምፒውተሩ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የጫነ አንድ ሰው አይጠፋም። ጭኖ ዝም ቢል ደግ ነበር፤ ግን የዘመድ አዝማዱ ኮምፒውተር ላይ ሁሉ ካልጫነ እንቅልፍ አይወስደውም። የኛው የእህቴ ባል ናቸው። በቤተሰቡ ዘንድ ማዕረጋቸው «ሊቀ ሊኑክስ» ነው። ላፕቶፔን «ለአምስት ደቂቃ» ብለው ተቀብለውኝ ሲመልሱልኝ ዊንዶውሱ የለም። «ተገላገልሽ!» አሉኝ።

ያን ሰሞን የሥራ ቃለ መጠይቅ ተይዞልኛል፤ በቪዲዮ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት። ስምንት ወር ሥራ ፈትቼ ያገኘሁት የመጀመሪያው ዕድል ነው፤ ቤቴ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ማክሰኞ ሞደም ልገዛ ስነሣ ክቡርነታቸው ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

«ያለ እኔ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

ሱቅ ገብተን ሻጩን ያፋጥጡት ጀመር።

«ቺፑ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ጥቁርም ነጭም አለን።»

«ከሊኑክስ ጋር ይሠራል?»

«ከሁሉም ጋር ይሠራል።»

«ከሁሉም ጋር ማለት ከዊንዶውስ ጋር ማለት ነው!» ብለው ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ምን ላድርግ? በሦስተኛው ሱቅ በዩኤስቢ የሚሰካውን ሞደም ገፉት። «ይሄ ድራይቨር የሚሉት ተጨማሪ ፕሮግራም ይፈልጋል። በኔትወርክ ኬብል የሚሰካውን አምጣ» አሉት ሻጩን፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «እሱ ኮምፒውተርሽ ላይ የጫንሽውን አይጠይቅም።»

ቤት ገብተን ሰካነው። ወዲያው ሠራ። ሊቀ ሊኑክስ ክፉኛ አዘኑ። «ምንም አላስቸገረም?» አሉ፤ ለሦስት ቀን ትግል ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። የላፕቶፔን ዋይፋይ ሲነካኩ ጭራሽ አጠፉት። መጽናኛ ሲያጡ «ኬብሉ ረዝሟል» ብለው ቆረጡና ጫፉን በገዛ እጃቸው ሠሩት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኢንተርኔቱ ጠፋ። ያ ጫፍ ላልቷል፤ ሲጫኑት ይመጣል፣ ሲለቁት ይሄዳል። እንባዬ መጣ። ለማንኛውም ብለው በጠዋት የመጡት ክቡርነታቸው ጠረጴዛው ሥር ገቡና ኬብሉን ጨብጠው በሆዳቸው ተኙ። አሥር ደቂቃ ዝም ማለት የማይችሉት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ አላሳሉም እንኳ። እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

በመጨረሻ ጠያቂዋ ኮምፒውተሬ ላይ የተጫነው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሊኑክስ» አልኩ፤ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ። ኢንተርኔቱ እልም አለ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ክቡርነታቸው በሁለት እጃቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ ኬብሉን!»

«እስቲ ድገሚው» እያሉ መልሰው ያዙት።

ሥራውን አገኘሁ። ቢሮው የሰጠኝ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ ይህን ለእሳቸው የሚነግር ሰው ግን ከኔ ጋር ተጣላ ማለት ነው።