ለጥምቀቱ ጋላቢ ክብደት ስለተወሰነውና ስለተሻረው

የቡሬ ጥምቀት ፈረስ ጋላቢዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.
ቦታ፦ የማኅበሩ የእህል መጋዘን፣ ቡሬ

የተገኙ፦
አቶ ባምላኩ፣ ሊቀመንበር፣ የቀድሞ ጋላቢ
አቶ ክንፈሚካኤል፣ ምክትል፣ የቀድሞ ጋላቢ
እንዳለው፣ ጸሐፊ፣ ጋልቦ የማያውቅ
በጥሪ፦ ሲስተር ያምሮት ከጤና ጣቢያ፣ ቄስ ስመኘው
ያለ ጥሪ፦ ወይዘሮ እታለም፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት

ከአምስቱ አባላት ሁለቱ በወገብና በጨጓራ ሕመም ቀርተዋል። ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ከቀኑ 6:00 ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የቀድሞ ጋላቢዎች ጤና

ሲስተር ያምሮት አባላቱን መርምረው ያገኙትን አስረዱ። ጋላቢዎቹ ለጥምቀት ግልቢያ ክብደት ለመቀነስ ለዓመታት ኮሶ ጠጥተዋል፣ ውሃ ተከልክለዋል፣ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ላይ ሮጠዋል። በዚህ የተነሣ ዛሬ አጥንታቸው ሳስቷል፣ ኩላሊታቸው ተጎድቷል፣ የምግብ ፍላጎታቸውም ሄዶ አልተመለሰም አሉ።

አቶ ባምላኩ አንድም ቀን ታምመው እንደማያውቁ በመግለጽ ተቃወሙ። ይህን ቆመው ለመናገር ስለፈለጉ፣ ሁለት ሰው ደግፎ እስኪያነሣቸው ውይይቱ ተቋርጧል። አቶ ክንፈሚካኤል በበኩላቸው የሚያስቸግራቸው የቡሬ ብርድ ብቻ ነው አሉ። ሲስተር ያምሮት ብርዱ ጋልበው የማያውቁትን ጎረቤቶቻቸውን ለምን እንደማይነካ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የአባላቱ ሕመም የእርጅና እንዲሆን ተወሰነ። የሊቀመንበሩ ዕድሜ አርባ ስምንት መሆኑ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ ጸሐፊው ጠይቋል።

አጀንዳ 2፦ የዘንድሮው ጋላቢ

ዘንድሮ ከጎረቤት ከተማ ከሽንዲ ጋላቢ ጋር የሚወዳደረው የሊቀመንበሩ ልጅ አሸናፊ ነው። በማኅበሩ ደንብ ጋላቢ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በልጦ መመዘን የለበትም። ስለዚህ አቶ ባምላኩ ልጁ ከገና እስከ ጥምቀት ኮሶ እየጠጣ፣ በቀን አንዴ ቆሎ ብቻ እየቀመሰ እንዲቆይ ሐሳብ አቀረቡ። "ሽንዲዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀውብናል" አሉ።

ቄስ ስመኘው ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አጽዋማት ሰባት መሆናቸውን አስታውሰው፣ ሰው ሁሉ በሚፈስክበት ሰሞን የሚጾመውን ስምንተኛውን ማን እንደደነገገው ጠየቁ። አቶ ክንፈሚካኤል ፈረሱ ነው ሲሉ መለሱ።

ወይዘሮ እታለም "አንዱን ጋላቢ ሃያ ዓመት አስታመምሁ፤ ሌላ አልጨምርም" አሉ። ሊቀመንበሩ ባለቤታቸው ድምፅ የመስጠት መብት እንደሌላቸው አሳወቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ አሸናፊ ኮሶውን እንዲጠጣ ተወሰነ።

ወይዘሮ እታለም ግን ጋላቢ የሚመዘንበትን ሚዛን ከጥግ አስወጡ። በአንድ ወገን የግማሽ ኩንታሉን የጤፍ ጆንያ አሰቅለው፣ "እስቲ በሞቴ አንቱ ይውጡበት፤ ልጄ ነገ ምን እንደሚሆን ልየው" አሉ። ሊቀመንበሩ ወጡ። ጆንያው መሬት ነካ፤ እሳቸው ከነጋቢያቸውና ከነጫማቸው አየር ላይ ቀሩ። አቶ ክንፈሚካኤል ሰውየው ዛሬም ለግልቢያ ብቁ ናቸው ብለው አጨበጨቡ።

ሊቀመንበሩ ለመውረድ ሞክረው ወገባቸው እምቢ አላቸው። እንደተንጠለጠሉ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። ለምን ሲባሉ፣ "ልጁ ይብላ" አሉ። ከዚያ ወረዱ፤ ማለትም አወረድናቸው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሕመሙ የእርጅና ሳይሆን የኮሶ መሆኑ ታምኗል። የግማሽ ኩንታሉ ደንብ ቀርቷል። አሸናፊ በልቶ ይጋልባል፤ ሽንዲዎችም እንዳሻቸው ይሳቁ።

የዕለቱ የጾም ሰዓት አብቅቶ ሽሮ ቀረበ። ሊቀመንበሩ አልራበኝም ቢሉም ከወይዘሮ እታለም እጅ ሁለት ጉርሻ ተቀብለዋል። በሦስተኛው ላይ ክርክር ስለተነሣ ጉዳዩ በይደር ተላልፎ ስብሰባው 9:40 ላይ ተበትኗል።