ባንዲራ በፓውዛ

አንዳንድ ስህተት አለ፣ ሰው እስኪነግራችሁ ድረስ የሚያኮራችሁ። የእኔው ስህተት አሜሪካ፣ ስማይርና ከተማ፣ ቤቴ ደጃፍ፣ ረጅም ምሰሶ ላይ ሌት ተቀን ሲውለበለብ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሲቲዝን የሆንኩ ዕለት ልጄ ማርታ የአሜሪካን ባንዲራ ገዝታ ሰጠችኝ። እንደ ሰው በረንዳ ላይ በትንሽ እንጨት መስቀል ሲበቃኝ፣ ምሰሶ አስተከልኩ። ምን ይደረግ? ባለቤቴ ሙሉ እንደምትለው፣ እኔ ነገር ሳላጋንን ጥርሴን እንኳ አልፍቅም።

በዚህ ኩራት ስኖር ነው ሚስተር ዋልተር ጎናችን ያለውን ቤት ገዝተው የገቡት። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ጸጉራቸው ነጭ፣ አረማመዳቸው ግን ገና ከሰልፍ አልወጣም። በገቡ በሳምንታቸው በር አንኳኩ። በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ ይሆናል ብዬ የመኪና ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። “ይቅርታ፣ ባንዲራዎ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያድረው” አሉኝ፣ ልጅህ ውጭ አደረች በሚል ሰው ድምፅ። ደንቡ ወይ ጀንበር ስትጠልቅ ማውረድ፣ ወይ ማታ ማታ በወጉ ማብራት ነው አሉ።

አፈርኩ። ለዜግነቱ ቀኝ እጄን አንስቼ ቃል ስገባ ይህን ማን ነገረኝ? ማውረዱ አይሆንልኝም፤ ጀንበር ስትጠልቅ እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እየነዳሁ ነው። ሙሉን ብለምናት፣ ያገባሁት አንተን እንጂ ባንዲራውን አይደለም አለችኝ።

እንግዲያው መብራት! መጀመሪያ መሬት ላይ የምትተከል ትንሽ ሶላር ገዛሁ። የምሰሶውን እግር አብርታ ቀረች፤ ባንዲራው እዚያው ጨለማው ውስጥ። እኔ ደግሞ እልህ ከያዘኝ ልክ አላውቅም፤ ሄጄ ለኮንስትራክሽን የሚሆን ፓውዛ አመጣሁ። ባበራሁት ማታ ሰፈሩ ነጋ። ወፎቹ ተሳስተው ተንጫጩ። ሙሉ የጓዳውን አምፖል አጥፍታ ምስር ለቀመች። ባንዲራውማ ኮከቦቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፓውዛው ባንዲራውን አልፎ በቀጥታ ሚስተር ዋልተር መኝታ ቤት ይገባል። እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ በተገናኘን ቁጥር “ግሩም ነው!” ይሉኛል፤ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል። እኔ ሞኙ ደግሞ የአገር ፍቅር እያስለቀሳቸው መሰለኝ።

ነገሩ የገባት ማርታ ናት። እሁድ፣ በእረፍቴ ቀን፣ ልትጠይቀን መጥታ ቀና ብላ አየችና፣ “ኦ ማይ ጋድ አባዬ! ሰውዬው መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል እኮ! ላይክ፣ ባንተ ምክንያት!” አለችኝ።

ሮጬ ሄጄ ምነው ቢነግሩኝ አልኳቸው። “ለባንዲራ የሚበራን መብራት አጥፋልኝ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ” አሉ። ተያይተን ሳቃችን አመለጠን። የዚያኑ ዕለት ሲመሽ መሰላል አቆምን። እሳቸው ከጋራዣቸው ጠባብ ጨረር ያላት መብራት አወጡ፤ እኔ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ማርታ አስፋልቱ ላይ ቆማ “ወደ ግራ፣ ኖ፣ ትንሽ ወደ ላይ” ትላለች። ሙሉ ደግሞ በሚስተር ዋልተር መኝታ ቤት መስኮት ብቅ ብላ “ጨለማ ነው! ድቅድቅ ጨለማ!” ስትል አበሰረችን። ለጨለማ ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ብርሃኑ ባንዲራው ላይ ብቻ፣ እንደ ሻሽ ልስልስ ብሎ አረፈ። ሚስተር ዋልተርን ለራት ይዘናቸው ገባን፤ አዋዜውን ኬቸፕ መስሏቸው በማንኪያ ዛቁት፣ እንባቸውን እየጠረጉ ግን ደገሙ።

በማግስቱ ለሥራ ስወጣ አጥሩ ጋ ጠበቁኝ። “መብራቱ አሁን በጣም ጥሩ ስለሆነ” አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ጫፉ ተተልትሏል፣ ቀለሙም ለቋል። ያረጀ ባንዲራ መሰቀል የለበትም።”

ታዲያ ምን ላድርገው አልኳቸው።

“ደንቡማ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “በክብር ማቃጠል ነው።”

እስቲ ፍረዱኝ። ሲቲዝን ከሆነ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ስማይርና መሀል፣ ግቢው ውስጥ የአሜሪካን ባንዲራ ሲያቃጥል ቢገኝ፣ “ደንብ እያከበርኩ ነው” ቢል ማን ያምነዋል?