ሙሉ ስም የሚለው ሳጥን

ጓዶች፣ ዛሬ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየኝ ተዋረድኩ። ማመን ካቃታችሁ፣ እኔም ገና አላመንኩም!

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ካርቱም ያደግኩ ዲዛይነር ነኝ። ሰሞኑን እዚሁ ካርቱም ያለው ማኅበራችን ወደ አገር መግባት ለሚፈልጉ ሐበሾች አውቶቡስ አዘጋጅቶ ነበር። ምዝገባው በስልክ ይሁን ተባለ። ፎርሙን ማን ዲዛይን ያድርግ? እኔ! ለጽድቅ!

ሦስት ቀን ሙሉ የተጨነቅኩት «ላክ» ስለሚለው አንድ በተን ቀለም ነው። ስለ አረንጓዴው ዓይነት። እዚሁ ፔጅ ላይ ድምፅ አስጥቻችሁ የለ?

ኮዱን የሚጽፈው ሙስጠፋ የሚባል የኦምዱርማን ልጅ ነው። ዲዛይኑን ስልክለት፣ በየሳጥኑ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ደንቡን ጽፈሽ ላኪልኝ አለኝ።

እኔ ምን ብዬ መለስኩለት? «ያላ ሙስጠፋ፣ ሙሉ ስም ይላል አይደል? ደግሞ ለዚህ ምን ደንብ ያስፈልገዋል?»

ድፍረቴን አያችሁ?

ሙስጠፋ ሱዳናዊ ነው። እነሱ ዘንድ ወረቀት ላይ ሙሉ ስም ማለት አራት ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። ደንብ ስላልሰጠሁት የሚያውቀውን አስገባ። ከአራት ቃል በታች የጻፈ ሰው «ስምዎ አልተሟላም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣበታል። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሳጥኑን ባዶ ለሚተው ሰው ብዬ። አንድ ቀን እንኳ በራሴ ስም ሞክሬው ቢሆን ኖሮ!

ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ለፖርትፎሊዮ! ሊፕስቲክ ሁሉ ተቀብቻለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ጋሽ ታደሰ ዝርዝሩን ከፓስፖርት ጋር እያስተያዩ ስም ይጠራሉ። «ብርቱካን አለሙ ሌላ የለኝም» ብለው ጠሩ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ብርቱካን እንዳትሳፈር ተደረገች።

ዝርዝሩ ማኅተም ተመቶበት አስቀድሞ ወደ ድንበር ተልኳል። የቅድመ አያቱን ስም የጨመረ ይለፍ ተባለ፤ ሌላ ነገር የጨመረ ግን ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይገጥም አያልፍም። እንዲህ እየተባለ አሥራ አንድ ሰው ከሰልፉ ወጣ። ፎርሙን የሠራው ማነው ሲባል ጋሽ ታደሰ በእስክሪብቷቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ከአሥራ አንዱ አንዷ እትዬ ዘይነባ ናት። የወሎ ሴት ናት፤ እዚሁ ካርቱም ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። እስከ አያቷ ጽፋ ስልኩ ስምሽ አልተሟላም ሲላት የጎደለውን አሰበች። ሰፈሩ የሚያውቃት በአሠሪዋ ስም ነው፤ በእነሱ አጠራር የኡስማን ቤት ዘይነብ ይሏታል። እናም ኡስማንን ጨመረችበት። ፎርሙ ተቀበላት፤ በዚያ በሚያምረው አረንጓዴ።

ፓስፖርቷ ላይ ኡስማን የሚባል የለም።

ኹሩጅ የምንለው የመውጫ ፈቃዷ ነገ ያበቃል። ለማሳደስ የኡስማን ፊርማ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ለመፈረም አንድ ዓመት አስለምኗታል። ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ልጄ፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ። ምን ብዬ መጻፍ ነበረብኝ?»

«ምንም እትዬ። የራስሽ ስም ብቻ በቂ ነበር።»

«እሱንማ ጽፌው ነበር» አለች።

ምድር ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

አውቶቡሱ አሥራ አንድ ባዶ ወንበር ይዞ ሄደ። እትዬ ዘይነባ ሻንጣዋን ረክሻ የምንለው ባጃጅ ላይ አስጭና ወደ ሪያድ ሰፈር ተመለሰች። ልሸኝሽ ብላት በእጇ ከለከለችኝ።

ሙስጠፋ ጋ ደውዬ ጮኽኩበት። እስክጨርስ ጠበቀና ያን «ምን ደንብ ያስፈልገዋል?» ያልኩበትን መልእክት መልሶ ላከልኝ። አፍሬ ዘጋሁት።

ከሰዓት ቁጭ ብዬ ደንቡን ጻፍኩ። ስም እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፤ ሁለትም ይሁን ሦስት ይለፍ። ስሕተት ሲኖር ምን እንደጎደለ ለይቶ ይናገር። ሁሉም ተደምሮ አንድ ገጽ አልሞላም። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ! ሙስጠፋ ወዲያው አስተካከለው።

ሃያ ደቂቃ፣ ጓዶች። ለበተኑ ሦስት ቀን ነበረኝ።

እትዬ ዘይነባ ጋ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እናንተ ብትሆኑ ታነሱልኝ ነበር?