የገዛ ክንዴ ሲያሳብቅብኝ

ዛሬ ማን ጉድ እንደሠራኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የገዛ ክንዴ!

እኔ የቤቴን ጉዳይ ፌስቡክ ላይ የምዘረግፍ ሴት አይደለሁም። የሚያውቁኝ ያውቁኛል። ግን ልጄ ሜሮን እስከ ማታ ለዘመድ ሁሉ ማውራቷ ስለማይቀር፣ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ሰሞኑን ፕሬዠሬ አልረጋ አለ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የሜሮን እኩያ ናት። «እማማ» አለችኝ። እሱን ለጊዜው አልፌዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ክንዴ ላይ የደም ግፊት የሚለካ አንድ መሣሪያ አሰረችልኝ። ለአንድ ቀን ሙሉ አይፈታም። በየግማሽ ሰዓቱ ጢጥ ይልና እየተነፋ ክንድን ጭምቅ ያደርጋል። ያኔ መንቀሳቀስ የለም። መናገርም የለም! ከዚያ በዚያ ሰዓት ምን ላይ እንደነበርኩ ወረቀት ላይ መጻፍ አለብኝ።

ለምን እሺ አልኩ? ባለቤቴን ልቡ ነው የወሰደብኝ። «ምንም አልሆንኩም» እያለ ነው የሄደው። እኔ ደግሞ ገና መሄድ አልፈልግም። ያልጨረስኩት ነገር አለ።

ስለዚህ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩ። «ምስር ለቀማ።» «ደረጃ መውጣት፣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ።» «እንቅልፍ።» እሁድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ፦ «የእድር ስብሰባ። በሰላም ተቀምጬ።»

በሰላም! ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ግራፉን ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ሜዳ፣ ሜዳ፣ ትንሽ ጉብታ፤ ከዚያ ተራራ!

«እማማ፣ ይቺ ጉብታ ደረጃው ናት። ይሄኛው ምንድን ነው?»

«ስብሰባ።»

«በሰላም ተቀምጠው?»

«በሰላም።»

አብራኝ የመጣችው ሜሮን ከኋላዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እትዬ ፀሐይ ተናግራ ነበር እንዴ?»

ልጅ ወልዳችሁ አሳድጉ!

እሺ፣ ስለ ፀሐይ ልንገራችሁ። ፀሐይ ለቡ መብራት ኃይል ጎረቤቴ ናት፤ የእድራችን የእቃ ቤት ኃላፊ። ድንኳኑም ድስቱም በእሷ እጅ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ባለቤቴ ሲያርፍ የተቀዳደደ ድንኳን ላከችልኝ። በሐምሌ! ዝናቡ ለቀስተኛው ላይ ይንጠባጠባል። የባለቤቴ አለቃ ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ንፍሮ በሉ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

አንድ ቃል አልተናገርኳትም። ሰባት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርሽ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ በቃ። ለሰዉ ሁሉ «እኔ ቂም አላውቅም» እላለሁ።

እሁድ ዕለት ብድግ አለችና ምን አለች? «አዲስ ድንኳን እንግዛ፤ ይሄኛው ያፈሳል።»

ያፈሳል! ዛሬ ነው የታያት?

ልክ ያን ጊዜ ጢጥ አለ። አልተነቃነቅሁም፣ አልተናገርሁም። ፊቴን ብታዩት ፎቶ የምነሳ ነው የሚመስለው። ለካ ክንዴ ሁሉንም እየተናገረልኝ ኖሯል።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «መናደድ ሁሉም ሰው ጋ አለ፤ ፕሬዠሩ ወጥቶ ይወርዳል» አለች። «የሚያስፈራኝ ከርሞ የማይለቅ ንዴት ነው። ሰዉ ረስቶት እንኳ ልብ በየጊዜው እየተነሳ ይሮጣል። ጨው ይቀንሱ፣ ይራመዱ፣ እንቅልፍዎን ይተኙ። ከሴትየዋ ጋርም ይነጋገሩ። በወሩ ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን።»

ጨው መቀነስ እችላለሁ። መራመድም። አራተኛውን ግን... እናንተ ብትሆኑስ?

ከክፍሉ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ማንን ባገኝ?

ፀሐይን! ክንዷ ላይ ያ መሣሪያ፣ አሁን ከነርሷ ክፍል ታስሮላት መውጣቷ ነው።

ተያየን። «አስካለ፣ አንቺም?» ከማለቷ ጢጥ!

ደርቃ ቀረች። መንቀሳቀስ የለም፣ መናገር የለም።

አስቡት እንግዲህ! ሰባት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ሰዓት። ፀሐይ ፊቴ ቆማለች፣ መልስ መስጠት አትችልም፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ የእኔ ነው። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ምስር ስለቅም ስንቴ አጥንቼዋለሁ።

ከአፌ የወጣው ግን ይሄ ብቻ ነው፦ «ባሌ ላይ ዘነበ እኮ፣ ፀሐይ።»



መሣሪያው ተነፈሰ። እሷም ተነፈሰች።

«ያኔ እድሩ የነበሩት ሁለት ድንኳኖች ናቸው፤ የተሻለውን ነው የላክሁልሽ። ሌላውን ብታዪው ወንፊት ነው።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ሰላምታሽ እኮ በር ይዘጋል። እኔስ ይሄን ያሰርኩት በማን ሆነና?»

ይኸውላችሁ! ያለ ግራፍ እውነቱን ነገረችኝ።

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ወይዘሮ ፀሐይ፣ ይጻፉት እንጂ!» አለቻት። ፀሐይ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣችና ጻፈች። አሾልኬ አየሁ።

«ኮሪደር። በሰላም ቆሜ።»

በሕይወቴ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ሜሮን ራርታ ውኃ ገዛችልን። አልተቃቀፍንም፤ ነገሩን አታስረዝሙት። ግን እሷም ተራመጂ ተብላለች፤ ነገ ጠዋት እስከ መካኒሳ አብረን እንሄዳለን። እያዘገመች የምታጓትተኝ ከሆነ ግን ዋስትና አልሰጥም።

እንግዲህ የተቀደደ ድንኳን ደረቴ ውስጥ ተክዬ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እሷ አንዴ ላከችው፣ እኔ በየቀኑ ተከልኩት። እድራችን ድንኳን ለመትከል ስድስት ሰው ይልካል።

ለመንቀሉስ ስንት ሰው ይበቃል ትላላችሁ?