ሰኔ ሚካኤል የወረደችው ሳጥን

እኛ ደገኞች ከሰማይ ጋር ያለን ዝምድና የአማትና የምራት ዓይነት ነው፤ ቀና ብለን የምናየው ወይ ልንለምነው፣ ወይ ልናማው ነው። በሰኔ «ምነው ዘገየህ?» እንለዋለን፤ በነሐሴ «ምነው አበዛኸው?»። እሱም መልሱን በበረዶ ይልካል። የወገራን በረዶ እንደ ሌላ አገር በረዶ እንዳታዩት። አንድ ዓመት የጎረቤቴን በሬ ቀንድ ገንጥሎ ጥሎበት፣ ቀንዱን ቀብረን ተዝካር ልናወጣለት ምንም አልቀረን። ውሸት ነው የሚል ካለ በሬውን ይጠይቅ።

ከዚህ ሰማይ ጋር በእግዚኦታ ሳይሆን በሳይንስ ልነጋገር ብላ የተነሳች ሰው ብትኖር የእህቴ ልጅ ትርንጎ ናት። ልጅ ሳለች የአባቷ ገብስ ለአጨዳ ሲደርስ በረዶ አውድማ ሳይጠብቅ ሲወቃው ቆማ አይታለች። ሌላው ሲያለቅስ እሷ፣ እንዲህ ያለው ደመና አስቀድሞ አይታወቅም ወይ ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት ስላጣች ተምራ መሐንዲስ ሆነች። መልስ ያጣ ጥያቄ በሰው ላይ እንዲህ ይጫወታል።

መንግሥትም አንድ ቀን ምን እንደታየው እንጃ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች የአየርና የጠፈር ምርምር ድጋፍ እሰጣለሁ አለ። ጥቃቅንና አነስተኛ ሲባል እኛ የምናውቀው ዶሮ እርባታና ብሎኬት ነው። ትርንጎ ግን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማችን አራዳ ውስጥ፣ በፀጉር ቤትና በወፍጮ ቤት መካከል፣ አንዲት ክፍል ተከራየች። ወፍጮው ሲነሳ የጠፈር ምርምሩ ጠረጴዛ እስክስታ ይመታል።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ትልቅ ፊኛ አለ፤ ከፊኛው ሥር አንዲት ሳጥን ትንጠለጠላለች። ፊኛው ደመና ውስጥ ሲገባ ሳጥኗ ቅዝቃዜውንና እርጥበቱን እየለካች በሆዷ ትይዛለች። ፊኛው ሲፈነዳ በጃንጥላ ተንሳፋ ትወርዳለች። ተራራው ስለሚጋርድ ንባቡ በአየር አይመጣም፤ ሳጥኗን አግኝቶ መክፈት ግድ ነው። በረዶ ያረገዘው ደመና የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ያ ንባብ ነው። የመንግሥት ገምጋሚ ንባቡን በዓይኑ አይቶ ካልመሰከረ፣ ያውም ሰኔ አልቆ በጀት ሳይዘጋ፣ የሁለተኛው ምዕራፍ ድጋፍ የለም። ድጋፉ ከሌለ ክፍሏም የለችም፤ ትርንጎ ዕድሜዋን ያፈሰሰችበት ሥራም የለም። ሳጥኗ ደግሞ አንድ ለእናቷ ናት።

ጃንጥላውን ማን ይስፋው? አራዳ ውስጥ ሱሪ የሚያጠብ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ጨርቅ ገጣጥሞ ጉልላት የሚያደርግ ግን የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሰፊው አያ ጌጡ ብቻ ነው። ትርንጎ ስስ ናይለን ሰጥታው፣ ቀላል ይሁን፣ ጌጥ የሚባል አልፈልግም አለችው። አያ ጌጡ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ከእጄ ራቁቱን የወጣ ጃንጥላ የለም፤ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ፣ ዙሪያውን በወርቅማ ዘርፍ ከብቦ፣ አናቱ ላይ መስቀል ጠልፎ አስረከባት። ልፍታው ብትል ጨርቁ ሊቀደድ ሆነ። መዘነችው፤ ይበራል። ተወችው።

ቀኑን የቆረጠው ገምጋሚው ደሳለኝ ነው። ሥራው አዲስ አበባ፣ እትብቱ እንፍራንዝ ነው። ከሰኔ ዐሥራ ሁለት ሌላ ቀን የለኝም አለ። «ምነው ልጄ፣ በሚካኤል ንግሥ?» ብላት፣ «አያ፣ ነፋስ በዓል አያከብርም» አለችኝ። እንዴት አድርጎ ያከብራል! ሳጥኗን ቀጥ አድርጎ ንግሡ ላይ ወሰዳት እንጂ።

ፊኛውን ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ለቀቅነው። ሸጋ ሆኖ ወጣ! መላእክት መንገድ ለቀው ቆሙ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደመናው ሲውጠው ትርንጎ የት እንዳረፈች ብቻ የሚጠቁመውን መከታተያዋን ይዛ፣ እኛ ደሳለኝን ይዘን በኮንትራት ማኪና ተጭነን ተከተልነው። ተራራውን ዞረን ስንደርስ አገሩ በእልልታ ቀልጧል።

ዘንድሮ በእኛ አገር ከሰማይ ለሚመጣ ነገር እልል አይባልም። ሕዝቡም መጀመሪያ ምድር ላይ ተደፍቶ፣ እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ነበር አሉ። ከዚያ አንዱ ደፋር ቀና ሲል ዘርፉን አየ፤ መስቀሉን አየ። ሞት መጣ ብሎ የተደፋ ሰው ጃንጥላ ሲወርድለት ምን ያድርግ? ታቦቱ እየዞረ ሳለ ሳጥኗ ቅጽሩ ውስጥ ዐረፈች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የምርምር ዕቃ መሆኗ ቀረ፤ ስለት ሆነች።

ትርንጎ የደብሩ ዕቃ ጠባቂ ገበዙ እግር ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ የእኔ ናት፤ ለአንድ አፍታ ከፍቼ ንባቧን ልቅዳና ውሰዷት» አለች። ገበዙ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ በማን እንደምናደድ አውቅ ነበር። «ልጄ፣ ቅጽር የገባ ስለት አስከፍቼ ባስፈትሽ ነገ ማን አምኖ ይሰጠኛል? እንደ ሌላው ስለት በጨረታ ይወጣል፤ ያሸነፈ እንዳሻው ያድርጋት» አሏት። ገምጋሚያችንም አገጩን እያሻሸ፣ አሠራሩ ግልጽ ነው አለ።

ጨረታው ተጀመረ። ትርንጎ በቦርሳዋ ያለውን ሁሉ ጠራች። እኔ አንድ ሙክት ጨመርኩ፤ ሙክቱ የሚስቴ ነው፤ እስከ ዛሬም አልሰማችም። ሰው እንባዋን አይቶ ዝም ሊልላት ሲል፣ ሆዱ ከበሮ የሚያህል የማክሰኝት ከብት ነጋዴ «ወይፈን!» ብሎ ጠራ። ምን ታደርግልሃለች ቢሉት፣ «እኔ ምን አውቄ! ከሰማይ የመጣች አይደለችም?» አለ። ትርንጎ አለቀባት። እኔም ከራሷ ከሚስቴ በቀር የምጨምረው አልነበረኝም።

ይኼኔ ደሳለኝ ተነሳ። ሳጥኗን ሊያስጥልልን ነው አልኩ። ነጋዴው ዞር ብሎ አይቶት፣ «የእንፍራንዝ ልጅ ነህ አሉኝ፤ እናንተ ከማክሰኝት ጋር መቼ ተጫርታችሁ ታውቃላችሁ? አረፍ በል ባክህ፣ የቢሮ ሰው!» አለው። ሰው ሳቀ። የደሳለኝ የአንገት ሥር ተገተረ። «በሬ!» አለ። «በሬ ከነቀንበሩ!» አለ ነጋዴው። «ጥማድ!» አለ ደሳለኝ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ጥማድ በሬ ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀ የለም። ነጋዴው እጁን ሰጠ። ከበሮው ተመታ። ሳጥኗን አምጥተው ደሳለኝ እጅ ላይ አኖሯት። ትርንጎ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ገመዷን ይዛ፣ እፊቱ ተንበርክካ ትጠብቃለች።

እንግዲህ የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ። በንግሥ ጨረታ ያሸነፈ ጨዋ ዕቃውን አንጠልጥሎ ቤቱ አይገባም፤ መልሶ ለታቦቱ ይሰጣል። ይዞ የሄደ እንደሆነ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ደግሞስ እልልታ የወረደበት ሰው ዲግሪው ትዝ ይለዋል? ደሳለኝ ሳጥኗን ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋትና በዚያ በስብሰባ ድምፁ፣ «መልሼ ለሚካኤል ሰጥቻለሁ!» አለ።

ምድር ተናወጠች። ነጋዴው ራሱ አቅፎ ሳመው። ትርንጎ ገመዷን እንደያዘች እዚያው ተንበርክካ ቀረች። እኔ ወደ ገበዙ ሮጬ እንደገና ይጫረት ብል፣ «ሁለት ጊዜ የተሰጠማ የራሱ ነው» ብለው ዕቃ ቤት ቆለፉባት። ማኪናችን ውስጥ ገብተን ተመለስን። ደሳለኝ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ከእልልታው ነቃና «ውይ!» አለ። ከዚያ የተሻለ የግምገማ ሪፖርት ሰምቼ አላውቅም።

በጀቱ ከተዘጋ በኋላ ደወለላት። እንደ ክርስቲያን ባደረግሁት አልጸጸትም፤ እንደ ባለሙያ ግን ያላየሁትን ንባብ አየሁ ብዬ አልፈርምም አላት። ሐቀኛ ሰው ነው። ሐቀኛ ሰው እንዴት ያለ መቅሠፍት መሰላችሁ! ክፍሏ ተዘጋች፤ ዛሬ ድንች ይጠበስባታል። ጓደኞቿም በየፊናቸው ሄዱ። ነሐሴ ላይ በረዶው መጥቶ እዚያው ሚካኤል አጥቢያ ያለውን ገብስ ከምድር ጋር አስተካክሎት ሄደ፤ እልል ያሉት ሁሉ ዘር ፍለጋ ወጡ።

ደሳለኝ ግን ስልኩን ሳይዘጋ ምክር ሰጥቷት ነበር። ተስፋ አትቁረጪ፣ ለከርሞ አመልክቺ፣ ብቻ ሳጥንሽ ታቦት የሌለበት ቦታ እንድታርፍ አድርጊ አላት። እኔና ትርንጎ ካርታ ዘርግተን ከእንፍራንዝ እስከ ደባርቅ ፈለግን። በደብርና በደብር መካከል ያለው ክፍት ቦታ የሌላ ደብር ጸበል ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻ አንድ ቦታ አገኘን፤ ጨረቃ። እሷን ለመድረስ ደግሞ የሁለተኛው ምዕራፍ ድጋፍ ያስፈልጋል።