ደራሽ መጣ!

እኔ ውሃ ከብርጭቆ ሲበልጥ አልወድም። አትፍረዱብኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ መካከል ነው። እዚህ አገር ውሃ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ቤት ይዞ ይሄዳል፤ መካከለኛ አያውቅም። ስለዚህ በክረምት ድልድይ ጋ ስንደርስ ከባጃጅ እወርዳለሁ። ባጃጁ ይቅደም፤ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። ባለባጃጆቹ ለምደውኛል። «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬም ድልድዩን በእኔ ሊሞክሩት ነው?» ይሉኛል። ታዲያ በማን ልሞክረው?

እንዲህ ላለ ሰው አላህ ምን ዓይነት አማች ይልክለታል? ወንዝ የሚጋልብ!

ልጄ ሀያት የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። ሙባረክ የሚባል ልጅ ሊያገባት ፈልጓል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ልያቸውና ይዩኝ ብሎ ራሱ መጣ። ይህን ወድጄለት ነበር። መኪናው ጣሪያ ላይ ግን ብርቱካናማ፣ ረጅም፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ፕላስቲክ ጭኗል። የእህል ማስቀመጫ መስሎኝ ላመሰግነው ስል፣ ካያክ ነው አለኝ። አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ጀልባ ነው። ኡጋንዳ ሄዶ ነው አሉ የተማረው። አሁን ደግሞ ከተራራው እየተወረወረ የሚወርደውን የጀውሃን ወንዝ በዚያች ነገር ሊወርድ ነው።

ምሳ ቀረበ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደጅ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ልጄን ለዚህ ልስጥ? ኒካሁ ታስሮ ሳምንት ሳይሞላ መበለት ትሁን? ባለቤቴ ዘሃራ «ምን ያንቆራጥጥዎታል፤ የሚወርዱት አንቱ አይደሉ» አለችኝ። እሷ እንዲህ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ወንዙን አብረን እንድናየው ጠየቀኝ። ሄድኩ። እዚያ ላይ ነው የገረመኝ። ጀልባውን ትቶ ዳር ዳሩን በእግሩ ይሄዳል። እየቆመ ያያል። ይህን የተጋደመ ሾላ አዩት ጋሼ? ይለኛል፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም፣ እንደ ወንፊት ይይዛል። ከዚያ ድንጋይ ኋላ ደግሞ ውሃው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ጀልባ ይዞ አይለቅም። መታጠፊያው ማዶ ያልታየ ነገር አለ ተብሎ ነው የሚኬደው አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ! ለካ ጭንቀትን ተምሮት የመጣ ሰው አለ? እኔ በነፃ ስጨነቅ ኖሬ!

ከዳር ሆኖ አደጋ የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከእርስዎ የተሻለ አላገኝም አለኝ። ፊሽካ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ከነፋሁ አደጋ ነው፤ ይወጣል። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ፊሽካውን በሽርጤ ጫፍ ቋጠርኩት። እንዳይፈታ ደግሜ ቋጠርኩት። እንደገናም አሰርኩት።

ልጁ ወረደ። እኔም በዳር ተከተልኩ። እሱ በውሃው እየዘለለ፣ እኔ በማሽላው ጥግ ጥግ እየሮጥኩ። ከተጋደመው ሾላ ትንሽ በላይ፣ ወንዙ መሃል ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ። ጀልባውንም ጎትቶ አወጣ። በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ ሊያጠና ነው። እኔ ልማዴ ነው፤ ውሃ ዳር ስቆም ሦስት ጠጠር እደረድራለሁ፣ የመጀመሪያው ከጠለቀ አልቆምም። ደረደርኩ። ቀና ስል ከላይ ተራራው ላይ ደመና ተቆልሏል። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ጎንበስ ስል የመጀመሪያው ጠጠር የለም። ሁለተኛውም የለም። የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ከላይ በኩል ብዙ የጭነት መኪና አብሮ የሚወርድ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ፊሽካዬን ያዝኩ። ቋጠሮው አልፈታ አለ! በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ጎተትኩ። ያ ረቢ! ተውኩትና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«ሙባረክ! ደራሽ መጣ! ደራሽ መጣ!»

ልጁ ዞር አለ። ፈገግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ አለ።

«ይምጣ ጋሼ፣ እጠብቃለሁ!»

ምን ይባላል? ሰው ደራሽን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ደግሜ ጮህኩ። ደግሞ አመሰገነኝ። ለሀያት ምን ብዬ ነው የምነግራት?

እትዬ ዘምዘም ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? ማሽላቸው ውስጥ አረም ሲነቅሉ ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርተዋል። ቀና ብለው እሱንም እኔንም አዩና ጮሁ።

«አንተ ደንባራ! ጎርፍ ነው የሚሉህ! ጎርፍ! ውጣ!»

ልጁ እንደተወጋ ዘለለ። ጀልባዋ ውስጥ ገባ፣ ቀዘፈ፣ እኔ ጋ ሲደርስ በክንዱ ያዝኩት። ጎትቼ ዳገቱን አስወጣሁት። ወዲያው ወንዙ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ቁጭ ብሎበት የነበረው ድንጋይ ተዋጠ። ብርቱካናማዋ ጀልባ ብቻዋን ወደ አዋሽ ጉዞ ጀመረች።

እትዬ ዘምዘም እኔ ላይ ዞሩ። «ምን ደራሽ ደራሽ ይሉታል? የከተማ ልጅ ይህን በምን ያውቃል?» ለካ እኛ ከላይ ዘንቦ በጠራራ ፀሐይ የሚመጣብንን ጎርፍ ደራሽ ስንል፣ እሱ የሚያውቀው ደራሽ ለእርዳታ የሚመጣ ሰው ነው። ልጁ አስረዳኝ። «እኔ እንኳን እርዳታ አላስፈለገኝም ነበር ጋሼ። ግን እርስዎ ሰው ካመጡልኝ እንዴት እምቢ ልበል? ደሞ ጠብቅ ያሉኝ መስሎኝ።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ገባ። ወንድሜ ከካራቆሬ ድረስ መጣና፣ ደራሽ ሲመጣ ቁጭ ላለ ሰው ልጅህን ትሰጣለህ? አለኝ። አሰብኩበት። ዕድሜ ልኬን ሰው ስመክር ኖሬአለሁ። ወንዶች ልጆቼን ቁጭ በሉ ስላቸው ይነሳሉ፣ ተነሱ ስላቸው ይተኛሉ። ይህ ልጅ ግን በእኔ ቃል ወንዝ መሃል እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። እንዲህ የሚሰማኝ ሰው ከየት ላገኝ ነው?

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሳላንገራግር ሰጠሁ። ቀኑን ብቻ እኔ ልቁረጥ አልኩ። ጥርን ቆረጥኩ። ለየካቲት ይተላለፍልን ብለው ነበር፤ የበልግ ዝናብ ቀድሞ ሊገባ ይችላል ብዬ እምቢ አልኳቸው።